አንዷን ቢት ጽፎ ሰባቱን አለመንካት፦ በፖይንተር ሜሞሪ ላይ ቢት የመጻፍ አሠራር

ቤቴ መብራት ስንት ሰዓት ሄዶ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ሠርቻለሁ። አንጎሏ አርዱዪኖ ኡኖ ነው፣ የምትሠራው በባትሪ ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰካ የስልክ ቻርጀር የሚመጣውን 5 ቮልት በየ10 ደቂቃው ታያለች። መብራት ካለ 1፣ ከጠፋ 0 ትጽፋለች። (የግድግዳውን 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ቦርዱ እንዳታስጠጉ። ሰው ይገድላል።)

በቀን 144 ምዝገባ ነው፣ በሳምንት 1008። ኡኖ ላይ ያለው አትሜጋ 328ፒ ቺፕ ያለው ራም ደግሞ 2048 ባይት ብቻ ነው። (ቢት አንዲት 0 ወይም 1 ናት፣ ባይት ስምንት ቢት ነው።) ለእያንዳንዱ ምዝገባ አንድ ባይት ብሰጥ የሳምንቱ መዝገብ ግማሹን ራም ይበላዋል። አንድ ቢት ብሰጥ ግን 126 ባይት ይበቃል። አዎ ወይም አይደለም ለሚል መልስ ከአንድ ቢት በላይ መስጠት ብክነት ነው።

ችግሩ ቢት መጻፍ ባይት እንደ መጻፍ ቀላል አለመሆኑ ነው። ከታች ያለው እኔ የምከተለው አሠራር ነው። ሲ ቋንቋን ትንሽ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። በኮዱ ውስጥ የተለዋዋጮቹን ስም በአማርኛ ነው የሰጠሁት፣ የቋንቋውንም ቃላት በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ስትጽፉ የቋንቋውን ቃላት በላቲን ፊደል ተኩ። የራሳችሁን ስሞችም እንዲሁ ብታደርጉ ይሻላል፤ የቆዩ ኮምፓይለሮች የአማርኛ ስም አይቀበሉም።

1. አድራሻው የባይት እንጂ የቢት እንዳልሆነ መቀበል

አንድ ግቢ አስቡ። የቤት ቁጥሩ የተለጠፈው የውጩ በር ላይ ነው። ውስጥ ስምንት ክፍሎች አሉ፣ የየራሳቸው ቁጥር ግን የላቸውም። አምስተኛው ክፍል ያለውን ሰው የሚፈልግ መጀመሪያ በግቢው በር መግባት አለበት።

ሜሞሪም እንደዚያው ነው። ፖይንተር የሚይዘው የባይት አድራሻ ነው። የቢት አድራሻ የሚባል ነገር ሲ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ቢት መጻፍ ማለት ሦስት ሥራ ነው፦ ባይቱን ማንበብ፣ የተፈለገችውን ቢት መቀየር፣ ሙሉውን ባይት መልሶ መጻፍ። ሰባቱን ጎረቤቶችም እናንተው ናችሁ መልሳችሁ የምትጽፏቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያየኋቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ይመነጫሉ። የፈለጋችኋትን ቢት መጻፍ አያቅትም። የሚያስቸግረው ሰባቱን እንደነበሩ መመለስ ነው።

2. ማስክ ማዘጋጀት

ማስክ የምትፈልጉት ቢት ብቻ 1 የሆነበት፣ ሌላው ሁሉ 0 የሆነ ቁጥር ነው። ቢቶች የሚቆጠሩት ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከ0 ጀምሮ ነው። ቢት 5 ስል ከቀኝ ስድስተኛዋን ማለቴ ነው።

1 << 5

ይህ 1ን አምስት ቦታ ወደ ግራ ይገፋል። ውጤቱ 00100000 ነው። 32 ብላችሁ በቁጥር መጻፍም ትችላላችሁ፣ ግን አታድርጉት። ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን ስትከፍቱ 32 ምንም አይነግራችሁም፣ 1 << 5 ግን የቢቷን ቁጥር ፊት ለፊት ያሳያል።

3. አራቱ እንቅስቃሴዎች

ፖይንተራችን የሚያመለክተው ባይት 10010010 ይዟል እንበል።

ቢት 5ን 1 ለማድረግ፦

*ጠቋሚ |= (1 << 5);

10010010 ከ00100000 ጋር በ«ወይም» ሲጣመር 10110010 ይሆናል። ማስኩ 0 በሆነባቸው ቦታዎች አሮጌው ዋጋ እንዳለ ያልፋል።

ቢት 4ን 0 ለማድረግ፦

*ጠቋሚ &= ~(1 << 4);

~ ማስኩን ይገለብጠዋል፣ 00010000 የነበረው 11101111 ይሆናል። ከዚያ በ«እና» ሲጣመር 10110010 ወደ 10100010 ይቀየራል። 1 የቆመባቸው ሁሉ ያልፋሉ፣ 0 የቆመባት አንዷ ብቻ ትጠፋለች።

ቢት 0ን ለመገልበጥ፦

*ጠቋሚ ^= (1 << 0);

10100010 የነበረው 10100011 ሆነ። መልሳችሁ ብታደርጉት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ቢት 7ን ለመፈተሽ ደግሞ፦

(*ጠቋሚ & (1 << 7)) != 0

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የ«እና» ውጤት 1 አይደለም፣ 128 ነው። «== 1» ብላችሁ ብታወዳድሩ ቢቷ በርታም መልሱ ሁልጊዜ ሐሰት ይሆናል። ከ0 ጋር ነው የሚወዳደረው። የውጨኛው ቅንፍም አይቀርም። ሲ ውስጥ == ከ& ቀድሞ ስለሚሰላ፣ ቅንፉን ከተዋችሁ ሌላ ነገር ነው የምትጠይቁት።

የጀማሪ ስህተት የምለው ይህን ነው፦

*ጠቋሚ = (1 << 5);

ከ= በፊት | ጎደለች። ቢት 5 በርታለች፣ ስለዚህ ሙከራው የተሳካ ይመስላል። ሰባቱ ግን ሁሉም 0 ሆኑ።

ዋጋው በተለዋዋጭ ሲመጣ፣ ማለትም አንዴ 1 አንዴ 0 ሲሆን፣ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

ቅጂ = *ጠቋሚ;
ቅጂ &= ~(1 << ቁ);
ቅጂ |= (!!ዋጋ << ቁ);
*ጠቋሚ = ቅጂ;

ቁ እዚህ የቢቷ ቁጥር ናት። መጀመሪያ ቦታውን ማጽዳት፣ ከዚያ ዋጋውን ማስቀመጥ። ሁለቱ !! ዋጋው 0 ካልሆነ 1 ያደርጉታል፤ 4 ወይም 128 ቢመጣ እንኳ ጎረቤት ላይ አይፈስም። በቅጂ የምሠራው ያለምክንያት አይደለም። ሜሞሪው ላይ በቀጥታ አጽድታችሁ ከዚያ ብትጽፉ፣ 1 ሆና መቆየት ያለባት ቢት ለቅጽበት 0 ትሆናለች። ራም ላይ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ያቺ ቢት ሪሌ ወይም ሞተር የያዘች ከሆነ ግን በመሃል ይቋረጣል።

4. ወደ እውነተኛ ሃርድዌር አድራሻ መሄድ

ኡኖ ላይ ፒን 13 አጠገብ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። ቺፑ ውስጥ ይህ ፒን የፖርት ቢ ቢት 5 ነው። ፖርት ማለት አብረው የሚታዘዙ ፒኖች ስብስብ ነው። ፖርት ቢ ሦስት ባይቶች አሉት። አድራሻ 35 ፒኑን ማንበቢያ ነው። 36 ፒኑ መግቢያ ወይም መውጫ መሆኑን ይወስናል። 37 ደግሞ የሚወጣውን ዋጋ ይይዛል።

ቮላታይል ዩኢንት8_ቲ *አቅጣጫ = (ቮላታይል ዩኢንት8_ቲ *) 36;
ቮላታይል ዩኢንት8_ቲ *ውጤት = (ቮላታይል ዩኢንት8_ቲ *) 37;
*አቅጣጫ |= (1 << 5);
*ውጤት |= (1 << 5);

መብራቷ በራች። ፒን 8 እስከ 12 ያሉት እዚያው ባይት ውስጥ ናቸው፣ ግን አልተነኩም።

የቺፑን ሰነድ ስትከፍቱ ለአንድ ሬጂስተር (እንደነዚህ ላለ የሃርድዌር ባይት) ሁለት አድራሻ ታገኛላችሁ። ለፖርት ቢ ውጤት 5 ይልና አጠገቡ በቅንፍ 37 ያስቀምጣል (ሰነዱ የሚጽፈው በ16 ቤት ቁጥር ነው)። የመጀመሪያው ለልዩ የግብዓትና ውጤት መመሪያዎች ነው። ለፖይንተር የሚሆነው በቅንፍ ያለው ነው፣ ልዩነታቸው 32 ነው። ተሳስታችሁ ፖይንተሩን 5 ላይ ብትጥሉት፣ በዚህ ቺፕ ከ0 እስከ 31 ያሉት አድራሻዎች የፕሮሰሰሩ የራሱ ሬጂስተሮች ናቸው። ኮምፓይለሩ ስሌት ያስቀመጠበትን ቦታ ነው የምትደመስሱት። ስህተቱ ደግሞ እዚያው አይታይም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚፈነዳው።

ቮላታይል የሚለው ቃል እንዳይቀር። ኮምፓይለር ብልጥ ነው። አንድን አድራሻ ደጋግማችሁ ስታነቡ መሃል ላይ የቀየረው ሰው ካላየ፣ «አንዴ አንብቤዋለሁ» ብሎ አሮጌውን ዋጋ ይዞ ይቀጥላል። ፒኑ ላይ የሚመጣው ቮልቴጅ ግን እሱ ሳያውቅ ይቀየራል። ቮላታይል ማለት «በተነካ ቁጥር በእርግጥ ሂድና አንብብ፣ በእርግጥ ሂድና ጻፍ» ማለት ነው። መሣሪያዬ ቻርጀሩን የምታየው በአድራሻ 41፣ በቢት 2 ነው። ቮላታይል ባይኖር መብራት መጣ አልመጣ የማታውቅ መሣሪያ ትሆን ነበር።

አንድ ደስ የሚል ነገር ላክል። በዚህ ቺፕ ማንበቢያው ባይት ላይ፣ ማለትም 35 ላይ፣ 1 ከጻፋችሁ ውጤቱ ይገለበጣል፣ 0 የተጻፈባቸው አይነኩም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትክክለኛው ባዶ = ነው፦ 35ን በሚያመለክተው ፖይንተር ላይ (1 << 5) መጻፍ ብቻ። ማንበብ የለም፣ መመለስ የለም።

5. ረጅም የቢት ድርድር (አሬይ)

አሁን ወደ መዝገቡ። 126 ባይት አለን፣ ውስጣቸው 1008 ቢት። ምዝገባ ቁጥር ቁ የቱ ባይት ውስጥ ናት? ለ8 ማካፈል ነው። ድርሻው ባይቱን፣ ቀሪው ቢቷን ይነግራል። 8 የ2 ርቢ ስለሆነ በማካፈል ፋንታ መግፋትና ማስክ ይበቃል፦

ዩኢንት8_ቲ *ጠቋሚ = መዝገብ + (ቁ >> 3);
ዩኢንት8_ቲ ማስክ = 1 << (ቁ & 7);

ቀኑን የምጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ያ ምዝገባ 0 ነው። ምዝገባ 83 ማለት ከዚያ 830 ደቂቃ በኋላ፣ ማለትም ከምሽቱ 1፡50 ነው። እንጀራ በሚጋገርበት፣ ልጆች በሚያጠኑበት ሰዓት። 83 ለ8 ሲካፈል 10 ደርሶ 3 ይተርፋል። ስለዚህ የምሽቱ 1፡50 መልስ ያለው ባይት 10፣ ቢት 3 ላይ ነው። የመጨረሻዋ ምዝገባ 1007 ደግሞ ባይት 125፣ ቢት 7 ላይ ታርፋለች።

1008 ብትሰጡትስ? ባይት 126 ይላችኋል፣ እሱ ደግሞ የእናንተ አይደለም። ሲ አያስቆማችሁም። ከመጻፋችሁ በፊት ቁ ከ1008 ማነሱን ራሳችሁ ፈትሹ። ቁ ራሷም 16 ቢት ትሁን። በ8 ቢት ተለዋዋጭ ከያዛችኋት 255 ላይ ደርሳ ወደ 0 ትመለሳለች፣ የመጀመሪያው ቀን መዝገብም ይሻራል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ከ0 እንደገና እጀምራለሁ፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ይህ ነበር፦ መብራት ሲኖር 1 እጽፋለሁ፣ ሲጠፋ ምንም አላደርግም። የመጀመሪያው ሳምንት በትክክል ሄደ፣ ምክንያቱም መዝገቡ ሲጀመር ሁሉም 0 ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን መብራት በጠፋበት ሰዓት ያለፈው ሳምንት 1 እዚያው ተቀምጦ ጠበቀኝ። በጨለማ ቁጭ ብዬ የኖርኩትን ሰዓት መዝገቡ «መብራት ነበረ» አለኝ። 0ም መጻፍ አለበት። ከላይ ያሳየኋችሁን «አጽዳና አስቀምጥ» የሚለውን ተጠቀሙ።

6. በመሃል የሚገባ ሰው ሲኖር

ይህኛው ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፣ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሁኔታ የምላት አንዲት ባይት ራም ውስጥ አለች። ዋናው ፕሮግራም ቢት 1 ላይ «መብራት አለ» የሚለውን ያለማቋረጥ ያድሳል። ሰዓት ቆጣሪው ደግሞ በኢንተራፕት ይሠራል። 10 ደቂቃ ሲሞላ ዋናውን ሥራ አስቁሞ ይገባና ቢት 2ን 1 አድርጎ ይወጣል፣ «መዝግብ» ማለቱ ነው። ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ ባይት።

መሣሪያዋ ከጥቂት ቀናት በኋላ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታ አገኘኋት። ምሽት 2፡00 ላይ የሆነው 1፡50 ተብሎ ተመዝግቧል። አንዲት ምዝገባ ተዘላለች ማለት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁኔታ |= (1 << 1) የሚለው መስመር ለእኛ አንድ መስመር ነው። ለቺፑ ግን ሦስት መመሪያ ነው፦ አንብብ፣ ቀይር፣ መልስ። ባይቷ 00000001 ነበረች። ዋናው ፕሮግራም 00000001 ብሎ አነበበ። ልክ በዚያች ቅጽበት ኢንተራፕቱ ገባ፣ ቢት 2ን አብርቶ 00000101 አድርጎ ወጣ። ዋናው ፕሮግራም ግን በእጁ ያለው አሮጌው ነው። እሱ ላይ ቢት 1ን ጨምሮ 00000011 ብሎ ጻፈ። ቢት 2 ጠፋች። «መዝግብ» የሚለው መልእክት ማንም ሳያየው ተደመሰሰ።

ቮላታይል ይህን አይከለክልም። ቮላታይል ማንበቡና መጻፉ በእርግጥ እንዲካሄድ ያደርጋል እንጂ ሦስቱን አንድ አያደርጋቸውም።

መፍትሔው በሩን ለአፍታ መዝጋት ነው። የኢንተራፕት ዋና ማብሪያ በዚህ ቺፕ የፕሮሰሰሩ የሁኔታ ሬጂስተር (እኔ ሁኔታ ካልኳት ባይት የተለየ ነው)፣ አድራሻ 95፣ ቢት 7 ነው። የሚደረገው በቅደም ተከተል፦ የ95ን ዋጋ ወደ ቅጂ አንብቡ፣ ክሊ በሚባለው መመሪያ ኢንተራፕት ዝጉ፣ ቢቷን ጻፉ፣ ቅጂውን ወደ 95 መልሱ። በመጨረሻ ዝም ብላችሁ «ክፈት» አትበሉ። ምናልባት ከእናንተ በፊት የዘጋ ሌላ ክፍል ይኖራል፣ የእሱን በር ትከፍቱበታላችሁ። የነበረውን ነው መመለስ ያለባችሁ። መካከል ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አትጨምሩ።

ከዚህ የሚሻለው ግን ከተቻለ ባይቱን አለመጋራት ነው። እኔ በመጨረሻ ለኢንተራፕቱ የራሱን ባይት ሰጠሁት። አንድ ባይት ራም ወጪ ነው፣ ለሚሰጠው እረፍት ግን ርካሽ ነው።

ፖርት ቢን ስትጽፉ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ አይታይም። አድራሻው ቋሚ ሆኖ፣ ቢቷ አንድ ሆና፣ ኮምፓይለሩም ኦፕቲማይዝ እንዲያደርግ ከታዘዘ ሦስቱን ወደ አንድ ልዩ መመሪያ ይጠቀልላቸዋል። ራም ላይ ያለ ባይት ግን ያን ዕድል አያገኝም።

የኤስቲኤም32 ቺፕ ሠሪዎች ይህን በሃርድዌር ፈትተውታል። ለእያንዳንዱ ፖርት አንድ የ32 ቢት ሬጂስተር አለ። ታችኛዎቹ 16 ቢቶች ላይ 1 ስትጽፉ ፒኑ ይበራል፣ ላይኛዎቹ 16 ላይ 1 ስትጽፉ ይጠፋል፣ 0 የተጻፈበት አይነካም። በአንድ መጻፍ ያልቃል። ቺፓችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለው ሁልጊዜ እሱን ምረጡ። ኮምፒውተር ላይ በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ የፕሮግራም ክሮች) ስትሠሩ ደግሞ ከሲ11 ጀምሮ ቋንቋው የራሱ አቶሚክ ዓይነቶች አሉት፤ አንብቦ፣ ቀይሮ፣ መመለሱን ሳይቋረጥ ይሠሩላችኋል።

7. 1 ሲጻፍባቸው የሚጠፉ ቢቶች

አንዳንድ የሃርድዌር ቢቶች ከለመድነው በተቃራኒ ነው የሚሠሩት። የሰዓት ቆጣሪ 0 ምልክት ባይት፣ አድራሻ 53፣ አንዱ ነው። ቆጣሪው ሲሞላ ቢት 0 ትበራለች። ለማጥፋት 1 ነው የሚጻፍባት።

እዚህ |= ብትጠቀሙ ምን ይሆናል? ቢት 1ም በርታ ከነበረ ስታነቡ 1 ሆና ትመጣለች፣ ስትመልሱም 1 ትጻፍባታለች፣ ስለዚህ እሷም ትጠፋለች። ሰባቱን ለመጠበቅ ብላችሁ የተጠቀማችሁበት ነገር ራሱ አጠፋቸው። ትክክለኛው ባዶ = ነው፣ ማስኩን ብቻ መጻፍ። በዚህ ቺፕ ኮምፓይለሩ |=ን ወደ ነጠላ የቢት መመሪያ ከቀየረው ስህተቱ ሊሸፈን ይችላል። እሱ ላይ አትደገፉ። አዲስ ሬጂስተር ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዷ ቢት 1 ሲጻፍባት ምን እንደምታደርግ ከሰነዱ አንብቡ።

8. ሌሎች ሦስት ጉድጓዶች

*ጠቋሚ++ |= ማስክ ብትሉ ቢቷ ትጻፋለች፣ ፖይንተሩ ግን ወደ ቀጣዩ ባይት ይሄዳል። ቀጣዩ ጽሑፍ የሰው ቤት ነው።

አትሜጋ ላይ ተራ ኢንቲጀር 16 ቢት ነው። 1 << 20 ብትጽፉ 1 ራሷ ቦታ የላትም። ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ ምልክት የሌለውና ረጅም መሆኑን የሚናገሩትን ሁለት ፊደላት፣ ዩ እና ኤል፣ ጨምሩ።

ስትራክት ውስጥ የሚጻፉት የቢት ፊልዶች ለዓይን ያምራሉ። ለውስጥ ሥራ ጥሩ ናቸው። የትኛው ፊልድ ከቀኝ የትኛው ከግራ እንደሚቀመጥ ግን የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው። ለሃርድዌር ሬጂስተርና ወደ ሌላ ማሽን ለሚላክ ዳታ እኔ ማስክን ነው የምመርጠው።

9. መፈተሽ

ኮዱን ቺፕ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ላይ ተራ ድርድር አዘጋጁና ሞክሩት። ሁሉም 0 በሆነ ባይት ብቻ አትሞክሩ። ያ ያለ| የተጻፈውን = ይደብቀዋል፣ ምክንያቱም ሰባቱ ድሮም 0 ናቸው። አንዴ 00000000፣ አንዴ 11111111፣ አንዴ 10100101 ሙሉበት። በእያንዳንዱ ላይ ስምንቱንም ቢቶች አንድ በአንድ 1ም 0ም ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ የተጻፈችው ቢት ትክክል መሆኗን እዩ፣ ከዚያ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በ^ አጣምራችሁ ከማስኩ ውጪ የተቀየረ ነገር እንደሌለ አረጋግጡ፦

((አዲስ ^ አሮጌ) & ~ማስክ) == 0

ለድርድሩ ደግሞ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ተጨማሪ ባይት አስቀምጡ። የምታውቁትን ቁጥር ሙሉባቸው። ከምዝገባ 0 እስከ 1007 ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሁለቱ ባይቶች እንደነበሩ ካገኛችኋቸው ኮዱን ወደ ቺፑ መጫን ትችላላችሁ።